ያደረ እንጀራ፣ የሺሺንዳ ዝናብና ድርቆሽ

በከፋ ዞን በምትገኘው ሺሺንዳ ቡና የሚያደርቅ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ጠንቅቆ ያውቃል። ከዛፉ የተለቀመ እሸት ቡና በአልጋ ላይ ተሰጥቶ ሳለ ደመና ከመጣ ቶሎ መሸፈን አለበት፤ አለዚያ ይሻግታል። ፍሬው ለጎተራ የሚበቃውም የውሃው መጠን ወደ 11 ወይም 12 በመቶ ዝቅ ሲል ነው። ይህ የቡና ዕውቀት በቀጥታ ወደ ማዕድ ቤት ይገባል፤ የተረፈ እንጀራን ድርቆሽ ለማድረግ የሚጥር ሰውም የሚታገለው ከዚያው እርጥብ አየር ጋር ነውና። እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የተመዘገበውን የከፋ ባዮስፌር ደን ያለመለመው ዝናብ ለድርቆሽ ወዳጅ አይደለም።

ያደረ እንጀራ ይደርቃል፣ ወይም ይሻግታል። ሁለቱ አንድ ላይ ቢታዩም ምክንያታቸው ፈጽሞ የተለያየ ነው።

በቅድሚያ ድርቀቱን እንመልከት። ብዙዎቻችን እንጀራ የሚደርቀው ውሃው ስለተነነ ብቻ ይመስለናል። ይሁንና ፈረንሳዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ዣን ባፕቲስት ቡሲንጎ እ.ኤ.አ. በ1852 ዳቦን አየር በማያስወጣ ዕቃ ዘግቶ ቢያቆየው፣ ውሃውን ሳያጣ እንደ ሌላው ዳቦ ሁሉ ደረቀ፤ ወደ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሞቅ ደግሞ ተመልሶ ለሰለሰ። ምስጢሩ ያለው በስታርቹ ውስጥ ነው። ሊጡ ምጣድ ላይ ሲበስል የስታርች ቅንጣቶች ውሃ ጠጥተው ያብጣሉ፤ የውስጥ ሥርዓታቸውም ይፈርሳል። እንጀራው ሲቀዘቅዝ ግን አሚሎስ የተባለው ቀጥ ያለ ሰንሰለት በሰዓታት፣ ባለ ቅርንጫፉ አሚሎፔክቲን ደግሞ በቀናት ውስጥ ዳግም ተጠጋግተው ይደረደራሉ። ይህ ድርድር ይበልጥ የሚፈጥነው ከዜሮ ዲግሪ ጥቂት ከፍ ሲል፣ ማለትም በማቀዝቀዣ ውስጥ ነው። በመሆኑም ማቀዝቀዣ ሻጋታውን ቢያዘገይም ድርቀቱን ያፋጥናል።

እንግዲህ ፍርፍር በኬሚስትሪ ዓይን ሲታይ ምንድን ነው? የአሚሎፔክቲኑን ድርድር በሙቀት አፍርሶ በቁሌቱ መረቅ ውሃውን መመለስ ነው። መረቁ እየፈላ ሳለ እንጀራው ሲቆረስበት የሚለሰልሰው ለዚህ ነው። በቀዝቃዛው የሚሠራው የቲማቲም ፍትፍት ግን እንጀራውን ያርሰዋል እንጂ ድርድሩን አያፈርስም፤ የሰነበተ እንጀራ በፍትፍት ውስጥ እንደ ትኩሱ ሳይለሰልስ የሚቀረውም ስለዚሁ ይመስለኛል። ያደረ ቆጮና የበቆሎ ቂጣም ምጣድ ላይ ሲሞቁ የሚሆነው ይኸው ነው።

ሻጋታ ሌላ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጥናት እንደሚያሳየው፣ በተለመደው አቀማመጥ እንጀራ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት ቀን አያልፍም። አበላሾቹ ሦስት የሻጋታ ዓይነቶች ሲሆኑ ፔኒሲሊየምና ራይዞፐስ ቀዝቀዝ ባለ ስፍራ፣ አስፐርጊለስ ናይጀር ደግሞ ሞቅ ባለ ስፍራ ይበረታሉ። ባክቴሪያዎች ወደ ኋላ የሚቀሩት እንጀራው ኮምጣጣ በመሆኑ ነው። (ለነገሩ እንጀራ ራሱ ከትርፍ የሚጀመር ምግብ ነው፤ እርሾው ካለፈው ሊጥ ላይ የተቀዳ ቢጫ ውሃ አይደለምን?)

እዚህ ላይ ነው አደጋው። እንጀራ መጣል በባህላችን ነውር በመሆኑ ሻጋታው ተፍቆ ቀሪው ፍርፍር የሚሆንበት ቤት ጥቂት አይደለም። ለዓይን የሚታየው አረንጓዴ ወይም ጥቁር ነጥብ ግን የሻጋታው ፍሬ ብቻ ነው፤ ክሮቹ ወደ ውስጥ ዘልቀዋል። አንዳንድ ሻጋታዎች የሚያመነጩት መርዝም በድስት አይጠፋም። ለምሳሌ አፍላቶክሲን የሚባለው ጉበትን የሚጎዳና ካንሰር የሚያስከትል መርዝ ለመፈራረስ ከ200 ዲግሪ በላይ ሙቀት የሚሻ ሲሆን፣ የሚፈላ መረቅ ግን ከ100 ዲግሪ እምብዛም አያልፍም። የሻገተ እንጀራ ስለዚህ ፍርፍር አይሆንም።

የተረፈ ወጥና ሩዝ የእንጀራው ኮምጣጤነት የላቸውም። በሩዝ ውስጥ ባሲለስ ሴሬዩስ የተባለው ባክቴሪያ ዘር መፍላትን ተቋቁሞ ይቆያል፤ ምግቡ ለብ እንዳለ ሲያድርም ይበዛል። ከመርዞቹ አንዱ፣ ማስታወክ የሚያመጣው፣ ዳግመኛ ቢፈላም አይጠፋም። ስለዚህ ጠዋት ማፍላቱ ብቻ አይበቃም፤ ማታውኑ ምግቡን በሰፊ ዕቃ ገልብጦ በሁለት ሰዓት ውስጥ ማቀዝቀዝና በቀዝቃዛ ስፍራ ማሳደር ያስፈልጋል።

በተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም ግምት እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ ተጥሏል፤ ከዚህ ውስጥ 60 በመቶ ያህሉ ከየቤቱ የወጣ ነው። ከዚህ አንጻር ድርቆሽ ያለ መብራትና ያለ ማቀዝቀዣ ለወራት የሚያስቀምጥ ብልሃት ነው። ሳይንሱም ቀላል ነው፤ ለተሕዋስያን የሚገኘው የውሃ መጠን ከ0.6 በታች ከሆነ ሻጋታም ባክቴሪያም አይራቡም። ችግሩ ደረቅ ምግብ ከአካባቢው አየር ጋር መስተካከሉ ነው። የአየሩ እርጥበት 80 በመቶ ሲሆን ክፍት የተተወ ድርቆሽ ቀስ በቀስ ወደ 0.8 ያድጋል፤ ይህም ለሻጋታ በቂ ነው።

ስለዚህ እንደ ሺሺንዳ ባለ ስፍራ እንጀራው ትኩስነቱ ሳያልፍ፣ ሻጋታ ሳይጀምረው፣ በትንንሹ ተቆራርሶ ሳይደራረብ መሰጣት ይኖርበታል፤ ፀሐይ ከጠፋች ከምድጃ በላይ ባለ ቆጥ ላይ። ሲሰበር ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ ደርቋል፤ ቀዝቅዞ ወዲያውኑ ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ይከተታል። ከቀናት በኋላ ዕቃው ተከፍቶ ቁራሹ ሳይሰበር ከተለመጠ ውሃ ስቧል ማለት ነው፤ ሻጋታ ካልታየበትና ካልሸተተ በዚያው ዕለት ድስት ይጣድለት።