የጨጓራ መቆጣትና ካንሰር፦ መድኃኒቱን ለምን መጨረስ አለብዎት?

ኤች ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያ ጨጓራን ያስቆጣል። መቆጣቱ ሳይታከም ለብዙ ዓመታት ከቆየ የጨጓራ ሴሎች በተደጋጋሚ ይጎዳሉ። የተጎዱትን ለመተካት አዳዲስ ሴሎች ሲባዙ በዘረመላቸው ላይ ስህተት ሊፈጠርና ወደ ካንሰር ሊያመራ ይችላል።

ባክቴሪያው ያለባቸው አብዛኞቹ ሰዎች በካንሰር አይያዙም፤ ሆኖም ባክቴሪያውን ማጥፋት ስጋቱን ይቀንሳል። ምርመራው በሰገራ ወይም በትንፋሽ ይደረጋል። ሕክምናው የጨጓራ አሲድ መቀነሻና ፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒቶችን በአንድነት መውሰድ ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ 14 ቀን ይፈጃል።

ሕመሙ ቢሻልዎትም ባክቴሪያው ጠፍቷል ማለት ስላልሆነ መድኃኒቱን አያቋርጡ። ከጨረሱ ቢያንስ ከ4 ሳምንት በኋላ እንደገና ይመርመሩ። ያለምክንያት ክብደት ከቀነሱ፣ ምግብ መዋጥ ካስቸገረዎት፣ ደም ካስታወከዎት ወይም ሰገራዎ ከጠቆረ ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም ይሂዱ።