አስመሳዩ በሽታና የውሻ ደም ማዕድናት

በእንስሳት ሐኪሞች ዘንድ «አስመሳዩ» የሚል ቅጽል የወጣለት የውሻ በሽታ አለ፤ የወግ ስሙ የአዲሰን በሽታ ነው። የያዘው ውሻ ምግብ ይተዋል፣ ያስመልሰዋል፣ ያስቀምጠዋል፣ ይከሳል። ጉሉኮስ ሲሰቀልለት ግን ነፍስ ይዘራና ጭራውን እየቆላ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ያው ሕመም ይነሳበታል። ባለቤቱ «ምን በልቶብኝ ይሆን?» ይላል፤ ሐኪሙም ቢሆን መጀመሪያ የሚጠረጥረው ሆዱን ነው። ብዙ ጊዜ ነገሩን የሚያጋልጠው ከደሙ የተለኩ ሁለት ማዕድናት፣ ሶዲየምና ፖታሲየም፣ ጎን ለጎን ሲነበቡ ነው።

ከኩላሊቶች አጠገብ የተቀመጡ አድሬናል የተባሉ ሁለት ትንንሽ እጢዎች አሉ። ከሚያመነጯቸው ሆርሞኖች አንዱ አልዶስቴሮን ሲሆን፣ ኩላሊት ሶዲየምን እንዲያስቀርና ፖታሲየምን በሽንት እንዲያስወጣ ያዛል። በአዲሰን በሽታ አብዛኛውን ጊዜ የውሻው የገዛ መከላከያ ኃይል እጢዎቹን ያጠፋቸዋል። ያኔ ሶዲየም ውሃን አስከትሎ ይወጣል፤ ፖታሲየም ደም ውስጥ ይጠራቀማል።

የጤነኛ ውሻ ደም በሊትር ከ140 እስከ 155 ሚሊሞል ገደማ ሶዲየም፣ ከ3.5 እስከ 5.5 ገደማ ፖታሲየም አለው። መጠኑ ከመሣሪያ መሣሪያ በመጠኑ ይለያያል። ሐኪሙ ሶዲየሙን ለፖታሲየሙ ያካፍለዋል። ሶዲየም 132፣ ፖታሲየም 6.6 ከሆነ መልሱ 20 ነው፤ በጤነኛ ውሻ ግን ከ27 ከፍ ይላል። መልሱ ከ27 ባነሰ ቁጥር ጥርጣሬው ይበረታል።

ላቦራቶሪው ውጤቱን ሳይልክም እጅ የሚነግረው ነገር አለ። ሰውነቱ የደረቀና የተዝለፈለፈ ውሻ ልቡ ቶሎ ቶሎ መምታት ነበረበት። ቀስ ብሎ ከመታ፣ የበዛው ፖታሲየም ልቡን ይዞት ሊሆን ይችላል። በልብ ምርመራው ወረቀት ላይ ፒ የሚባለው ትንሹ ሞገድ ይጠፋል፣ ቲ የሚባለው ደግሞ ይሾላል። ይህ ለነገ የማይባል ጉዳይ ነው።

በሽታው ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1855 በሰዎች ላይ ከገለጸው የለንደኑ ጋይስ ሆስፒታል ሐኪም ከቶማስ አዲሰን ነው። ፕሬዚዳንት ጆን ኤፍ ኬኔዲም ነበረባቸው። በውሾች ዘንድ እንደ ስታንዳርድ ፑድል ያሉ ዝርያዎችን ያዘወትራል።

ይሁን እንጂ 20 የምትለዋ ቁጥር ብቻዋን አትፈርድም። በትልቁ አንጀት የሚኖር ጅራፍ መሰል ትል፣ ኩላሊት መድከም ወይም የሽንት መዘጋት ያንኑ ቁጥር ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ ዓይነ ምድሩን በማይክሮስኮፕ ማየት፣ ርካሽ ቢሆንም፣ የሚዘለል ሥራ አይደለም። በተቃራኒው ማዕድናቱ ምንም ሳይዛነፉ አዲሰን ያለባቸው ውሾች አሉ። ቁርጡ የሚታወቀው እጢውን የሚቀሰቅስ ሆርሞን በመርፌ ተሰጥቶ፣ ከመርፌው በፊትና ከአንድ ሰዓት በኋላ ኮርቲሶል ሲለካ ነው፤ እጢው ከሞተ ሁለቱም ልኬቶች ዝቅተኛ ይሆናሉ። ሕክምናው ዕድሜ ልክ ነው፦ በየ25 ቀኑ ገደማ የሚወጋ የአልዶስቴሮን ምትክና በየቀኑ ትንሽ ፕሬድኒሶሎን። የመርፌው መጠን ትክክል መሆኑን የሚነግሩትም እነዚያው ሶዲየምና ፖታሲየም ናቸው።

ካልሲየም ሌላ ታሪክ ነው። ብዙ ቡችሎች የምታጠባ ትንሽ ዝርያ ውሻ ካልሲየሟ በወተቷ ያልቅና ታለከልካለች፣ ትንቀጠቀጣለች፣ እግሮቿ ይገተራሉ። ሐኪሙ የልቧን ምት እያዳመጠ ካልሲየም በደም ሥሯ ቀስ አድርጎ ሲሰጣት ብዙውን ጊዜ እዚያው ጠረጴዛው ላይ እያለች መንቀጥቀጧ ይተዋታል። ከፍ ያለ ካልሲየም ደግሞ የበለጠ ያሳስባል፤ ሊምፎማ የተባለው ካንሰር፣ ቫይታሚን ዲ ያለበት የአይጥ መርዝ፣ የፓራታይሮይድ እጢ ዕባጭ፣ አንዳንዴም ራሱ አዲሰን ከጀርባው ይገኛሉ። እንዲህ ያለ ውጤት ያየ ጠንቃቃ ሐኪም ጓንት አጥልቆ የውሻውን ፊንጢጣ በጣቱ ይፈትሻል፤ በዚያ ካሉት ከረጢቶች የሚነሳ ካንሰር አተር አክሎ እንኳ ካልሲየምን ሊያንር ይችላልና። ፎስፈረስ ከፍ ሲል ኩላሊት ይጠረጠራል፤ ቡችላ ግን አጥንቱ እያደገ ስለሆነ ፎስፈረሱ ከፍ ቢል አይገርምም።

ከሁሉ የሚያናድደው የቲዩብ ስህተት ነው። ሐምራዊ ክዳን ያለው ቲዩብ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ የፖታሲየም ጨው አለበት፤ ይህ ጨው ካልሲየምንም አፍኖ ይይዛል። አንድ ሰው ከዚያ ቲዩብ ወደ ሌላው ደም ቢገለብጥ ፖታሲየም ጣራ ይነካል፣ ካልሲየም ወለል ይወርዳል። በወረቀቱ መሠረት ውሻው መሞት ነበረበት፤ እሱ ግን በሩ ላይ ቆሞ ይጮኻል። እንዲህ ሲሆን ደሙን እንደገና መቅዳት ነው። እንደ አኪታ ባሉ የጃፓን ዝርያዎች ላይ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። የአብዛኞቹ ውሾች ቀይ የደም ሕዋስ ብዙ ፖታሲየም አይዝም፤ የእነዚህ ግን ይይዛል። ስለዚህ ናሙናው ሲንገላታ ወይም ፈሳሹ ከሕዋሳቱ ሳይለይ ሲያድር ሕዋሳቱ ፈርሰው ጤነኛውን ውሻ በሽተኛ ያስመስሉታል።