በሰሜን ጫፍ በሚገኙ ሁለት መንደሮች መካከል ስላለው የአየር ርቀት



የዓለምን ካርታ በግድግዳ ላይ ሰቅሎ የሚመለከት ሰው፥ በሁለት ስፍራዎች መካከል ያለውን ርቀት በዓይኑ ገምቶ ያወቀው ይመስለዋል። ነገር ግን ወደ ሰሜን ዋልታ በቀረብን መጠን ጠፍጣፋው ካርታ ዓይንን የሚያታልል መሆኑን መረዳት ይገባል። ይህንኑ ለመግለጽ በካናዳ አገር፥ ኑናቩት በተባለው ግዛት የሚገኙትን ሁለት መንደሮች ምሳሌ አድርገን እንወስዳለን።

አንደኛው ሬዞሉት ሲሆን በኮርንዋሊስ ደሴት፥ ሁለተኛው ግሪስ ፊዮርድ ሲሆን በኤልስሚር ደሴት ላይ ይገኛል። ከነዋሪዎቹ አብዛኞቹ ኢኑዊት የተባሉት ሕዝብ ናቸው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2021 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ በሬዞሉት 183፥ በግሪስ ፊዮርድ 144 ሰዎች ተቈጥረዋል።

ሁለቱ መንደሮች ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ 12 ዲግሪ ያህል ይራራቃሉ። አንድ ዲግሪ በአዲስ አበባ አካባቢ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ፥ በዚህ የሚያሰላ ሰው ርቀቱን ከ1300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው ሊል ይችላል። እውነቱ ግን እንዲህ አይደለም። በብርቱካን ላይ ከላይኛው ጫፍ እስከ ታችኛው ጫፍ መስመሮች ብናሰምር፥ በወገቡ ላይ የተራራቁት መስመሮች በጫፉ ላይ ይገናኛሉ። ምድርም እንዲሁ ናት። በእነዚህ መንደሮች አካባቢ አንድ ዲግሪ 28 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ወደ ሰሜን ያለውንም ልዩነት ጨምረን ስናሰላ፥ አይሮፕላን በቀጥታ የሚበረው 380 ኪሎ ሜትር ያህል ሆኖ ይገኛል።

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው የመኪና መንገድ ርዝመት ከዚህ ብዙም አይለይም። ወደ ደሴ የሚጓዝ ሰው ግን በደብረ ብርሃን ቁርሱን በልቶ፥ በኮምቦልቻ አረፍ ብሎ ያልፋል። በእነዚያ መንደሮች መካከል ግን ባሕርና በረዶ እንጂ የመኪና መንገድም ከተማም የለም። ዕቃ የጫነ መርከብ የሚደርሰው በረዶው በሚላላበት ወራት ብቻ ነው። በቀረው ጊዜ፥ ፀሐይ ከሦስት ወር በላይ በማትወጣበት ወራት ጭምር፥ ተስፋቸው በአጭር ሜዳ ላይ ሊያርፍ የሚችል ትንሽ አይሮፕላን ነው። ጭጋግ ከወረደ ወይም ነፋስ ከበረታ በረራው ይቀራል፤ ሕመምተኛውም ደብዳቤውም አየሩ እስኪጠራ ይጠብቃሉ።

እነዚህ ሰዎች በዚያ ስፍራ እንዴት ሊሰፍሩ ቻሉ? እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1953 እና በ1955 ዓ.ም. የካናዳ መንግሥት፥ 2000 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ርቆ ከሚገኘው ከኢኑክጁዋክ የኢኑዊትን ቤተሰቦች በመርከብ ወስዶ በሁለቱ ስፍራዎች አሰፈራቸው። አብረን እንኖራለን ብለው የተሳፈሩት ዘመዳሞች እንደሚለያዩ የሰሙት በመርከቡ ላይ ሳሉ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ትመለሳላችሁ ተብሎ የተሰጣቸውም ቃል አልተፈጸመም። መንግሥቱ ስለዚህ በደል በይፋ ይቅርታ የጠየቀው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2010 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ዛሬ በአይሮፕላን በአጭር ጊዜ የሚታለፈው 380 ኪሎ ሜትር፥ አይሮፕላን ለሌላቸው ለእነዚያ ወንድማማቾች የመለያያ ርቀት ነበር።

ስለዚህ፥ ውድ አንባቢዎች፥ የሁለት ስፍራዎችን እውነተኛ ርቀት ለማወቅ የሚሻ ሰው ጠፍጣፋውን ካርታ ትቶ፥ በሉል ላይ ክር ወጥሮ ይለካ። ለክቶ ሲጨርስም፥ በዚያ መካከል የሚያገናኝ መንገድ መኖሩን፥ ሰዎቹም ወደዚያ የሄዱት በፈቃዳቸው መሆኑን ይጠይቅ። የርቀት ዕውቀት የሚሟላው በዚህ ጊዜ ነው።