ፈንዲሻ በመስታወት ሳጥን ውስጥ

በነፃነት በዓል ምሽት በሐይፋ ጎዳናዎች ስትዘዋወሩ፣ ወይም በሲኒማ ቤት መግቢያ ስታልፉ፣ ፈንዲሻ የሚፈነዳበትን የመስታወት ሳጥን ሳታዩ አልቀራችሁም። ልጆች «እማዬ፣ ፖፕኮርን!» እያሉ የሚጎትቱን ወደዚያው ነው። ነገሩ ለቡና ቁርስ የምናቀርበው የራሳችን ፈንዲሻ ነው። ማሽኑ እንዴት እንደሚሠራ ዛሬ እናጫውታችኋለን፤ በመጨረሻም ለወላጆች አንድ አደራ አለን።

ምስጢሩ ከማሽኑ ይልቅ በፍሬው ውስጥ ነው። በደረቀ የፈንዲሻ በቆሎ ውስጥ 14 በመቶ ያህል ውኃ አለ። ፍሬው ሲግል ውኃው ወደ እንፋሎት ይለወጣል፤ ጠንካራው ልባስ ግን አላሳልፍም ብሎ ይይዘዋል። ሙቀቱ 180 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ልባሱ ይፈነዳል፤ ውስጡም እንደ አረፋ ተነፍቶ ይደርቃል። የተራው በቆሎ ልባስ እንፋሎቱን አጥብቆ ስለማይዝ ይቆላል እንጂ እንዲህ አይፈካም።

በሳጥኑ ውስጥ ከላይ የተንጠለጠለው ድስት በኤሌክትሪክ ይግላል። ሻጩ ሦስት እጅ ፍሬና አንድ እጅ ያህል ዘይት ይጨምርበታል። በሞተር የሚዞር ዘንግ ፍሬው እንዳያርር ያማስለዋል፤ እናቶቻችን ድስቱን ይዘው እንደሚወዘውዙት ማለት ነው። የፈነዳው ክዳኑን እየገፋ ይወርዳል። ድምፁ ሲሳሳ ሻጩ እጀታውን ይዞ ድስቱን ይገለብጠዋል። ሳይፈነዳ የቀረው ፍሬ በወለሉ ቀዳዳዎች ወደ ታች ይወርዳል።

እንዲህ ያለው ማሽን የቆየ ነው። ቻርልስ ክሪተርስ የተባለ የቺካጎ ነጋዴ በእንፋሎት የሚሠራ ማሽኑን እ.ኤ.አ. በ1893 በዚያው ከተማ በተደረገው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ለሕዝብ አሳይቷል።

ለቤታችንም የምንማረው አለ። ፍሬውን በደንብ በሚከደን ዕቃ አስቀምጡት፤ ውኃው ከደረቀ አይፈነዳም። ሲፈነዳ ክዳኑን ጥቂት ገርበብ አድርጉት፤ እንፋሎቱ ከታፈነ ፈንዲሻው ይልፈሰፈሳል። ሱቅ ስትሄዱ «ቲራስ ለፖፕኮርን» ብላችሁ ጠይቁ።

አደራችን ይህ ነው። በአገር ቤት ፈንዲሻ ሲቀርብ ሕፃናትም አብረው ይዘግኑ ነበር። እዚህ የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር 5 ዓመት ላልሞላቸው ልጆች ፈንዲሻ እንዳይሰጥ ያሳስባል። ቁራጩ ወይም ያልፈነዳው ፍሬ ወደ አየር ቧንቧ ገብቶ ሊያንቅ ይችላልና። ትልልቆቹም ተቀምጠው ይብሉ፤ እየሮጡ አይብሉ። ልጅ ቢታነቅ ሳትዘገዩ በስልክ ቁጥር 101 ማጌን ዳቪድ አዶምን ጥሩ።

እንግዲህ ቡናው ሲፈላ ፈንዲሻውን ለትልልቆቹ አቅርቡ፤ ለትንሹ ደግሞ ለስላሳ ዳቦ ቁረሱለት። መልካም የቡና ሰዓት ይሁንላችሁ!