ሪሉ ዝም ካለ ክሩ እየተንሸራተተ ነው

ሰሞኑን አንድ ወንድም በውስጥ መስመር እንዲህ ብሎ ጻፈልኝ፦ «ድራጉን እስከ መጨረሻው አጥብቄዋለሁ፤ ዓሣው ግን እንደ ልቡ ክር ይወስዳል። ሪሉን ልጣለው?»

አትጣለው ወንድሜ። እኔም ልጥል ስል ነው የተረፍኩት። መልሱ ሌላም ሰው ስለሚጠቅም እዚሁ ቻናሉ ላይ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው።

መጀመሪያ የራሴን ጉድ ልናገር። ባለፈው ዓመት ከፋሲካ በኋላ በአንዱ ቅዳሜ ዋሽንግተን ዲሲ፣ ፖቶማክ ወንዝ ዳር፣ ፍሌቸርስ ኮቭ ነበርን። በዚያ ወቅት ሻድ የሚባለው ዓሣ ከባሕር ተነሥቶ ወንዙን ሽቅብ ይወጣል፤ ትልልቅ አምባዛዎችም እሱን ይከተላሉ። የዚህ አገሩ አምባዛ ሐዋሳ ላይ የምናውቀው አይደለም። ብሉ ካትፊሽ ይባላል። አገሩ እነ ሚሲሲፒ ወንዝ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ቨርጂኒያ ወንዞች ውስጥ ለቀቁት፤ ዛሬ አካባቢውን ወርሮታል። እ.ኤ.አ. በ2011 በቨርጂኒያና በኖርዝ ካሮላይና ድንበር ላይ ካለው ሐይቅ የወጣው አንዱ 143 ፓውንድ መዝኗል፤ 65 ኪሎ ገደማ ማለት ነው። ይህን እያሰብኩ አዲስ ሪል ገዛሁ። እዚያው ሱቅ ውስጥ (ስሙ ይቆየኝ) 65 ፓውንድ የሚችል ብሬድ፣ ማለትም እንደ ሹሩባ የተጎነጎነውን ክር፣ በማሽን አስሞላሁ።

ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል ዘንጉ ጎበጠ። ክሩ ይወጣል። ድራጉን፣ ማለትም የሪሉን ፍሬን፣ አጠበቅኩ፤ ይወጣል። ጨርሼ አጠበቅኩ፤ አሁንም ይወጣል። እጀታውን ሳዞር ይዞራል፣ ግን የሚገባ ክር የለም። እህል የሌለበት ወፍጮ የማዞር ያህል ነው። ዓሣው ተዝናንቶ ሄዶ ወንዙ ውስጥ ካለ ግንድ ሥር ገባ፤ እኔም ክሩን ቆርጬ ቤቴ ገባሁ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። የኔ ድር ስምንት ሆኖ ተጎንጉኖም አምባዛ ማሰር አልቻለም።

ሳምንቱን ሙሉ ጥፋቱን ድራጉ ላይ ጫንኩ። ፈታሁት፣ ሳህኖቹን ጠረግሁ፣ ግራሶ ቀባሁ፣ መልሼ ገጠምኩ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ያው ሆነ። ያን ዕለት ግን ልጅነታቸውን ጣና ዳር ያሳለፉ፣ አብረውን የሚያጠምዱ አንድ ጋሼ አጠገቤ ነበሩ። ትንሽ አዩኝና፦

«አንተ ልጅ፣ ይሄ ሪልህ ክር ሲሰጥ አይጮህም እንዴ?»

«ይጮሃል ጋሼ።»

«ታዲያ አሁን እየሰጠ ምነው ዝም አለ?»

ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ጥያቄ ውስጥ ነው።

ድራግ ሲለቅ የሚዞረው ስፑሉ፣ ክሩ የተጠመጠመበት ክፍል፣ ራሱ ነው፤ ሲዞር ደግሞ «ጥርርር» የሚል ድምፅ ያሰማል። ክር እየወጣ ድምፅ ከሌለ ስፑሉ አልዞረም ማለት ነው። ስፑሉ ካልዞረ የዞረው ምንድን ነው? በላዩ የተጠመጠመው ክር፣ እንዳለ፣ እንደ አንድ ቀለበት። ጋሼ የስፑሉን ከንፈር በሁለት ጣታቸው ያዙና «አሁን ሳብ» አሉኝ። ስፑሉ በእጃቸው ውስጥ እንደ ድንጋይ ቆሟል፤ ክሩ ግን ላዩ ላይ ዝም ብሎ ይሾራል። ለካ ድራጉ ድሮም ደህና ነበር። እኔ የማጠብቀው ስፑሉን ነው፤ ክሩ ደግሞ ስፑሉን አልያዘውም።

ለምን አልያዘውም? ናይለን ለምን ይይዛል ብሎ መጀመር ይቀላል። ሐዋሳ ላደጋችሁ ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። አሞራ ገደል አካባቢ ዘንግ የሚባል ነገር ሳናውቅ፣ የናይለን ክራችንን ባዶ ሃይላንድ ላይ ጠምጥመን ነበር የምናጠምደው። ክሩን ወጠር አድርገን ጠምጥመን ካሳደርነው ጠዋት ላይ የሃይላንዱ ወገብ ወደ ውስጥ ተሰርጉዶ ይገኛል። ናይለን ሲሳብ ይለጠጣል፤ ተለጥጦ ከተጠመጠመ በኋላ ወደ ቀድሞ ልኩ ለመመለስ ይሰበሰባል፤ ሲሰበሰብ የተጠመጠመበትን ነገር ያንቃል። ስፑልም ላይ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ናይለን የሚይዘው ቋጠሮው ጎበዝ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ እያንዳንዱ ዙር ወገቡን ጨምቆ ስለሚይዝ ነው።

ብሬድ ይህ ጠባይ የለውም። በጣም ጥቂት ብቻ ነው የሚለጠጠው። ዓሣው ከሩቅ ሲነካው ጣታችን ላይ የሚሰማን በዚሁ ምክንያት ነው፤ የምንወድለት ጠባዩ ነው ማለት ይቻላል። ግን የማይለጠጥ ክር አይሰበሰብም፤ ያልተሰበሰበ ደግሞ አያንቅም። ክሩ የተሠራበትም ነገር ራሱ የሚያንሸራትት ነው። ዳይኒማ ወይም ስፔክትራ ሲባል የምትሰሙት ፖሊኢቲሊን ነው፤ የፌስታልና የጀሪካን የቅርብ ዘመድ። የኔዘርላንዱ ዲኤስኤም ኩባንያ ተመራማሪዎች ፓውል ስሚዝና ፒት ለምስትራ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ የዚህን ፕላስቲክ ረጃጅም ሞለኪውሎች በአንድ አቅጣጫ አስተኝተው የሚፈትሉበትን ዘዴ አገኙ። በክብደት ሲመዘን ከብረት ሽቦ እጅግ የሚበልጥ ጥንካሬ የሚሰጠው ያ አፈታተል ነው። ልስላሴው ግን ያው የፌስታል ልስላሴ ነው።

እናቶቻችን ጥጥ ሲፈትሉ ያየ ሰው ልዩነቱን ወዲያው ይረዳዋል። የመጀመሪያው ፈትል እንዝርቱን እንዴት ይዞ ይቀራል? ጥጥ ጸጉር አለው፤ እንጨቱም ሻካራ ነው፤ ይያያዛሉ። አሁን እንዝርቱን በተወለወለ አሉሚኒየም ቀይሩት፤ ጥጡንም በሳሙና የተለቀለቀ በሚመስል ክር። የኔ ሪል ያ ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ ይጨመርበት። ዓሣው የሚስበው ከላይኛው ዙር፣ ከመሃሉ ራቅ ካለው ቦታ ነው፤ የሚይዘው ደግሞ ከሥር፣ ለመሃሉ የቀረበው ዙር ነው። በርን ከእጀታው በኩል ሌላ ሰው እየገፋ፣ እናንተ ከማጠፊያው አጠገብ ይዛችሁ ለማስቆም እንደ መሞከር ነው። ስፑሉ በሞላ ቁጥር ለዓሣው ይመቸዋል።

እንግዲህ ወደ መፍትሔው።

መጀመሪያ ፈትሹ። ድራጉን እስከ መጨረሻው አጥብቁ፤ ሪሉን በእጃችሁ ያዙ፤ ክሩን ዱላ ወይም እርሳስ ላይ ጠምጥማችሁ ሳቡ። በባዶ ጣት በፍጹም እንዳትስቡ፤ ብሬድ ሥጋ ይቆርጣል፣ ጠባሳዬን ማሳየት እችላለሁ። ስፑሉ ቆሞ ክሩ ከዞረ በሽታው ተገኝቷል። ስፑሉ ራሱ ከዞረ ግን ችግራችሁ በእርግጥም ድራጉ ነው፤ የኔ ምክር አይመለከታችሁም።

ከዚያ ክሩን በሙሉ አውጡት። አውቃለሁ፣ ያማል። እኔ ባዶ የሽቶ ካርቶን ላይ ነበር የጠመጠምኩት።

1. የናይለን መደላድል። ከሁሉም የምመርጠው ይህን ነው። ከ10 እስከ 15 ፓውንድ የሚችል ተራ ናይለን ውሰዱ። የስፑሉን ወገብ ሁለት ጊዜ አዙሩት። ጫፉን ወደ ኋላ መልሳችሁ ቀለበት ሥሩ፤ ከዚያ ጫፉን በቀለበቱ ውስጥ እያሳለፋችሁ ሁለቱን ክሮች አንድ ላይ አምስት ጊዜ ጠምጥሙ። በምራቅ አርጥባችሁ ቀስ ብላችሁ ሳቡት። ናይለን በደረቁ ሲጠብቅ በሰበቃው ሙቀት ይጎዳል። አሁን የስፑሉ ወገብ ከዳር እስከ ዳር እስኪሸፈን፣ ወጠር አድርጋችሁ ጠምጥሙ። ለመያዝ ብቻ ከሆነ ከአምስት እስከ አሥር ሜትር ይበቃል። ገንዘብ መቆጠብም ከፈለጋችሁ ግማሽ ስፑል ድረስ ሂዱ። ብሬድ ውድ ነው፤ ከሥር የተኛው ደግሞ ውኃ ሳያየው ያረጃል።

ብሬዱን ከናይለኑ ለማያያዝ ያንኑ ቋጠሮ ከሁለቱም ወገን ሥሩት፦ ናይለኑ ብሬዱ ላይ አምስት ዙር፣ ብሬዱ ናይለኑ ላይ ስምንት ዙር። የብሬዱ ዙር የሚበዛው ለምን እንደሆነ አሁን ታውቃላችሁ። ሁለቱን ዋና ክሮች በተቃራኒ ስትስቡ ቋጠሮዎቹ ተንሸራተው ይገናኛሉ። የተረፈውን ጫፍ አሳጥሩ። በዚህ ላይ ቢያንስ 150 ሜትር ብሬድ ካለ ማያያዣው ቋጠሮ ስትወረውሩ ከስፑሉ አይወጣም።

2. ናስትሮ። ናይለን በእጃችሁ ከሌለ የኤሌክትሪክ ናስትሮ ይሠራል። አንዳንድ ሰው ናስትሮው ክሩን የሚያጣብቀው ይመስለዋል፤ አይደለም። ፖሊኢቲሊን ላይ ሙጫ እምቢ ይላል። ናስትሮው የሚጣበቀው አሉሚኒየሙ ላይ ነው፤ ብሬዱ ደግሞ ለስላሳው የናስትሮ ጀርባ ውስጥ እየሰመጠ ይነክሳል። ስለዚህ አንድ ዙር ብቻ፣ ሳይጨማደድ፣ ወገቡ ላይ አልብሱት። ብሬዱን በላዩ እሠሩ። ቋጠሮው ላይ ሌላ ትንሽ ቁራጭ ብትደርቡበት ጉብታው ይስተካከላል። ከበጋ በኋላ ግን ተመልከቱት፤ ሙቀት ያገኘ ናስትሮ ሙጫው ይዝረከረካል።

3. የተዘጋጀ ስፑል። አንዳንድ ሪሎች ወገባቸው ላይ ጎማ ታጥቀው ይመጣሉ፤ ብሬድ በቀጥታ ይታሠርባቸዋል። ሌሎች ስፑላቸው የተበሳሳ ነው፤ ክሩን በአንዱ ቀዳዳ አስገብታችሁ በሌላው አውጥታችሁ ከቋጠራችሁት የሚሾርበት መንገድ የለውም። ከመግዛታችሁ በፊት ስፑሉን ባዶውን እዩት።

ሱፐር ግሉ ያሰባችሁም ትኖራላችሁ። እኔም አስቤ ሞክሬዋለሁ። የተሰነጠቀ ጀሪካን በሙጫ ሲጠገን ያየ አለ? ቢላ አግለን በማቅለጥ ነበር የምንደፍነው። ያው ፕላስቲክ፣ ያው ጠባይ። ስፑሉ ቆሸሸ፤ ክሩ ግን መሾሩን አልተወም።

አጠማጠሙም ራሱን የቻለ ነገር ነው። ብሬድ ላላ ብሎ ከተጠመጠመ ዓሣ ሲስብ የላይኛው ክር የታችኛውን ሰንጥቆ ይገባል፤ በሚቀጥለው ውርወራ ተነክሶ ይቀራል። እርጥብ ጨርቅ ውስጥ አሳልፋችሁ፣ በሁለት ጣት ጨብጣችሁ፣ ጠበቅ እያደረጋችሁ አስገቡት። ሱቅ በማሽን ሲሞላላችሁም ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ከሥር ምን አደረጋችሁ? ወጥራችሁ ነው የምትጠመጥሙት? ከስፑሉ ከንፈር ሁለት ሦስት ሚሊሜትር ሲቀረው አቁሙ፤ ከዚያ ካለፈ ሲወረወር በክምር ይወጣል።

በመጨረሻ ድራጉን ከክራችሁ በጣም ደካማ ክፍል ላይ ተነሥታችሁ ለኩ። እኔ ብሬዱ 65 ፓውንድ ቢሆንም ጫፉ ላይ የማስረው ናይለን 40 ስለሆነ፣ ሩቡን፣ 10 ፓውንድ ወይም አራት ኪሎ ተኩል ላይ አደርገዋለሁ። በምን እለካለሁ? አዲስ አበባ ስንሄድ ሻንጣው 23 ኪሎ እንዳያልፍ በምንመዝንበት የእጅ ሚዛን። ያ ሚዛን እዚህ በሁላችንም ቤት አለ። ክሩን የሚዛኑ መንጠቆ ላይ እሠሩና ሳቡ፤ ስፑሉ መዞር ሲጀምር ቁጥሩን አንብቡ። ይህን ስታደርጉ ክሩ ከሥር መያዝ አለመያዙንም አብራችሁ ታያላችሁ።

እኔ ናይለኑን ከሥር አስተኝቼ፣ ብሬዱን በእርጥብ ጨርቅ መልሼ ጠምጥሜ፣ በሦስተኛው ቅዳሜ ተመለስኩ። ጋሼ ቴርሞሳቸውን ይዘው ቀድመውኛል። ቡና ቀድተው ሲያቀብሉኝ ዘንጉ ጎበጠ፤ ስኒውን መሬት አስቀምጬ ያዝኩት። «ጥርርርርር...» የወንዙ ዳር ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። ዓሣው ሳበ፣ ሪሉ እየጮኸ ሰጠው፤ ዓሣው ደከመ፣ ያው ክር ተመልሶ ገባ። የወጣው 18 ፓውንድ ነበር፤ ለዚያ ወንዝ ልጅ እግር ነው።

ጋሼ ዓሣውን ዞር ብለውም አላዩት። ሪሉን መታ መታ አደረጉና «አሁን ገና ተናገረ» አሉ።