እንዝርትና ሽመና፦ ሴቶች በአንድነት ሲሠሩ ምን ይለወጣል?

ቡሬ ከጎሬ ወደ ጋምቤላ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ የኢሉ አባ ቦር ከተማ ናት። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በባሮ ወንዝ በኩል ከሱዳን ጋር ይካሄድ የነበረው ንግድ በዚሁ መስመር ያልፍ ነበር። ቡና ወደ ጋምቤላ ይወርዳል፤ ጨውና አቡጀዲ ደግሞ ወደ ደጋው ይወጣል። የውጭው ጨርቅ ገበያውን ቢያጥለቀልቅም የአገር ቤት ፈትል ግን ከየጓዳው አልጠፋም። ዛሬ በተለያዩ የአገሪቱ አካባቢዎች ይኸው ጥንታዊ ሙያ ሴቶችን ከየቤታቸው አውጥቶ በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያገናኝ ሆኗል።

ለመሆኑ ከሌላው ሥራ ይልቅ ፈትልና ሽመና ለዚህ ዓላማ የሚመረጡት ለምንድን ነው?

የሚደክመውና የሚከፈለው

ጥጥ ሸማ እስኪሆን ድረስ ረጅም መንገድ ይሄዳል። በመዳመጫ ፍሬው ይለያል፤ በደጋን ይነደፋል፤ ባዘቶው በአመልማሎ ተጠቅልሎ በእንዝርት ይፈተላል። እስከዚህ ድረስ ያለው ሥራ በአብዛኛው የሴቶች ነው። ሽመናው ግን በልማድ ለወንዶች የተተወ ነበር። ሸማው ዋጋ የሚያወጣው ተሸምኖ ካበቃ በኋላ በመሆኑ፣ ብዙውን ሰዓት በእንዝርት ላይ ያሳለፈችው ሴት ከገበያው የምታገኘው ድርሻ አነስተኛ ነው። በየቤቷ ብቻዋን ስለምትፈትልም ልቃቂቷን ነጋዴው በጠራው ዋጋ ከመስጠት በቀር የመደራደር አቅም የላትም።

በዚህ ላይ የእጅ ሙያ ለረጅም ዘመን የተናቀ ነበር። ሸማኔው፣ አንጥረኛውና ሸክላ ሠሪዋ በሙያቸው ይሰደቡ ስለነበር ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። በመሆኑም ሴቶች ተሰባስበው ሸማ ሲሠሩ የሚነሣው ጉዳይ የገቢ ብቻ ሳይሆን የክብርም ነው።

ከአውራ አምባ እስከ እንጦጦ

በአማራ ክልል ፎገራ ወረዳ፣ ከወረታ ብዙም ሳይርቅ የሚገኘው የአውራ አምባ ማኅበረሰብ በዚህ ረገድ የታወቀ ምሳሌ ነው። በ1964 ዓ.ም. በዙምራ ኑሩ መሪነት የተመሠረተው ይህ ማኅበረሰብ የሴትና የወንድ ሥራ የሚባለውን ድንበር አፍርሷል። በዚያ ሴቶች ከሽመናው ዕቃ ላይ ይቀመጣሉ፣ ሞፈር ይጨብጣሉ፤ ወንዶች ደግሞ ይፈትላሉ፣ እንጀራ ይጋግራሉ። የእርሻ መሬታቸው ጠባብ በመሆኑ ሽመና ከዋና የገቢ ምንጮቻቸው አንዱ ሆኗል። የማኅበረሰቡ አባላት በደርግ ዘመን በደረሰባቸው መከራ ወደ ቦንጋ አካባቢ ተሰደው ከቆዩ በኋላ ተመልሰው ሥራቸውን እንደገና ማቅናታቸው ይታወቃል።

በአዲስ አበባ ደግሞ ከእንጦጦ ጫካ እንጨት ተሸክመው በመሸጥ የሚተዳደሩ ሴቶች በ1980ዎቹ በማኅበር ተደራጅተዋል። ከዚያ በፊት እያንዳንዷ ሴት ከአቅሟ በላይ የሆነ ሸክም አዝላ፣ የጥበቃዎችን ቁጣ እየፈራች ቁልቁለቱን ትወርድ ነበር። ማኅበሩ ሽመናን አስተማራቸው፤ ነጠላና የአንገት ልብስ እየሠሩ መሸጥ ጀመሩ። በዚህም የወገብ ሸክም ቀርቶ የእጅ ሙያ ተተካ። የዚያኑ ያህል የሚከብደው ለውጥ ግን ለብቻዋ ትጓዝ የነበረችው ሴት የማኅበር አባል፣ ድምፅ ያላት ሠራተኛ መሆኗ ነው።

እጅ ሲሠራ አንደበት ይፈታል

እንዲህ ያለው ስብስብ ለምን ፍሬ እንደሚያፈራ ከሥራው ጠባይ መረዳት ይቻላል። የሚፈትል ወይም የሚጠልፍ ሰው ዓይኑ በሥራው ላይ ነው። ፊት ለፊት ተፋጥጦ ለመናገር የሚያሳፍረው ጉዳይ፣ እጅ ሥራ በያዘበት ሰዓት ቀስ ብሎ ይወጣል። ሥራው ዕለት በዕለት ሲያድግ ይታያል፤ ትናንት ክሩ ይበጠስባት የነበረች ሴት ዛሬ ለአዲስ ገቢዋ ታሳያለች። ማስተማር ደግሞ በራስ መተማመንን የሚያጸና ትልቅ ነገር ነው። ፊደል ያልቆጠሩ እናት እንኳ በዚህ ሙያ ለተማረችው ልጅ መምህር ይሆናሉ።

በቺሊ ከ1973 እ.ኤ.አ. የመንፈቅለ መንግሥት በኋላ ባሎቻቸውና ልጆቻቸው የት እንደደረሱ ያላወቁ ሴቶች በቤተ ክርስቲያን ጥላ ሥር ተሰብስበው በቁራጭ ጨርቅ ሥዕል ይሰፉ ነበር። ጨርቁ ተሸጦ ለቤታቸው ጥቂት ገቢ አስገኝቶላቸዋል፤ በአደባባይ መናገር ያልቻሉትን ኀዘናቸውንም ለዓለም አሰምቷል።

ለቡሬና ለአካባቢዋ

በኢሉ አባ ቦር የገጠር ቤተሰብ ጊዜ በቡና ለቀማ ወራት ይጣበባል። የመሰባሰቢያው ሰዓትም ከዚህ ጋር ሊስማማ ይገባል፤ በለቀማ ወቅት የሚጠራ ሥልጠና ሴቶችን ከሁለት ሥራ መካከል ያስጨንቃቸዋል። መነሻው ግን ከባድ አይደለም። እንዝርት ርካሽ ነው፤ ሴቶች ለቡና መጠራራታቸውና በዕቁብ መደራጀታቸውም የቆየ ልማድ ነው። በየቤቱ አጥር የሚበቅለው የጉሎ ቅጠል የሐር ትል መኖ መሆኑም ሊታወቅ ይገባል። ጉሎ የሚበላው የሐር ትል የሚሰጠው ሐር እንደ ጥጥ በእንዝርት ይፈተላል፤ በመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል ሲጠና ቆይቷል፤ በአዲስ አበባም ሳባሃር የተባለው ድርጅት ይህንኑ ሐር ከጥጥ ጋር እየሸመነ ይሸጣል።

ጥንቃቄ የሚሻው ነገርም አለ። ሥልጠናው ተሰጥቶ ገበያው ካልተገኘ፣ ያማረው ሸማ በሣጥን ይቀራል፤ ሴቶቹም ከመጀመሪያው ይልቅ ተስፋ ይቆርጣሉ። የሂሳብ መዝገቡን ሌላ ሰው የሚይዘው ከሆነ ደግሞ ልቃቂቱን ለነጋዴ ከመስጠት ብዙም አይለይም። ስለዚህ ማን እንደሚገዛ፣ ዋጋውን ማን እንደሚወስን፣ ገንዘቡ በማን እጅ እንደሚገባ ከመጀመሪያው ቀን ቁጭ ብሎ መነጋገር ያስፈልጋል።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ብሂል ለዚህ ሙያም ይስማማል። ድሩ ግን በራሱ አያብርም፤ አንድ ላይ የሚዘረጋው እጅ ይሻል።