አዲስ የኤንቢኤ ቡድን ለማን ይገባል? ሲያትል፣ ላስ ቬጋስ እና በር ላይ የቆመው ተከራይ

አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ተከራይታችሁ ከኖራችሁ ይህችን ነገር ሳትሰሟት አትቀሩም፦ «ሌላ ሰው በእጥፍ እየጠየቀኝ ነው፤ ካልጨመራችሁ ልቀቁልኝ።» ያ «ሌላ ሰው» አንዳንዴ እውነት አለ፣ አንዳንዴ ጭራሽ የለም። ኖረም አልኖረም ግን ሥራውን ይሠራል። ኪራዩ ይጨምራል።

የአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ ኤንቢኤ አዲስ ቡድን ለየትኛው ከተማ እንደሚሰጥ ሲወራ እኔ ትዝ የሚለኝ ይሄ ነው። ሊጉ 30 ቡድኖች አሉት። ለመጨረሻ ጊዜ አዲስ ቡድን የተጨመረው በ2004 ሲሆን፣ ዕድሉን ያገኘችው ሻርሎት ነበረች (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ ወዲህ የአሜሪካ ሕዝብ በአሥር ሚሊዮኖች ጨምሯል፤ ጨዋታው በዓለም ሁሉ በስልክ ይታያል፤ የቡድኖቹ ቁጥር ግን 30 ላይ ቆሞ ከረመ። አሁን 31ኛና 32ኛ ቡድን ሲነሳ ከሁሉም በፊት የሚጠሩት ሲያትልና ላስ ቬጋስ ናቸው። የሊጉ ኮሚሽነር አዳም ሲልቨርም ሁለቱን ከተሞች በስም አንስቷቸዋል።

የደጋፊዎች ክርክር ብዙውን ጊዜ «የማን ከተማ ትልቅ ነው? የማን ደጋፊ ጯሂ ነው?» በሚለው ዙሪያ ነው። እኔ ደግሞ ኢኮኖሚክስ ያጠናሁ ሰው ስለሆንኩ ዓይኔ የሚሄደው ሌላ ቦታ ነው። የሚወስነው ማነው? ሲወስን ምን ያተርፋል? ሒሳቡንስ ማን ይከፍላል?

እድሩ እና መግቢያው

ኤንቢኤን እንደ እድር አስቡት። 30 አባላት አሉ፤ እያንዳንዳቸው አንድ ድምፅ አላቸው። አዲስ አባል ለማስገባት የሦስት አራተኛው ፈቃድ፣ ማለትም ቢያንስ 23 ድምፅ ያስፈልጋል። እድር ውስጥ ዘግይቶ የሚገባ ሰው ጠቀም ያለ መግቢያ ይከፍላል፤ ድንኳኑም ወንበሩም ድስቱም የተገዛው በነባሮቹ መዋጮ ነዋ። እዚህም እንዲሁ ነው። ልዩነቱ፣ እድር መግቢያውን ካዝና ውስጥ ሲያስቀምጠው፣ የኤንቢኤ ቡድን ባለቤቶች ይከፋፈሉታል። ለተጫዋቾች ከዚህች ሳንቲም አትደርሳቸውም።

ሻርሎት ስትገባ የተከፈለው 300 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ዛሬ ያ ገንዘብ የትም አያደርስም። በ2025 ቦስተን ሴልቲክስ የተሸጠበት ዋጋ 6.1 ቢሊዮን ዶላር ነው። ስለዚህ አዲስ ገቢ ሲመጣ የሚጠየቀው በቢሊዮን ነው።

እስቲ የስልካችሁን ካልኩሌተር ክፈቱ። ሊጉ ከዲዝኒ፣ ከኤንቢሲ እና ከአማዞን ጋር የተፈራረመው የ11 ዓመት የሥርጭት ውል ወደ 76 ቢሊዮን ዶላር ይጠጋል። በዓመት 6.9 ቢሊዮን ገደማ ማለት ነው። ለ30 ሲካፈል ለአንዱ ቡድን 230 ሚሊዮን፣ ለ32 ሲካፈል ደግሞ 216 ሚሊዮን ይደርሰዋል። ሁለት አዲስ ቡድኖች ሲገቡ እያንዳንዱ ነባር ቡድን በዓመት 14 ሚሊዮን ዶላር ያህል ይቀርበታል። ከዚህ ገንዘብ ላይ ግማሽ ያህሉ ወደ ተጫዋቾች ደመወዝ ስለሚሄድ የባለቤቶቹ እውነተኛ ኪሳራ ከዚህም ያንሳል።

አሁን ወደ መግቢያው እንምጣ። ለምሳሌ ያህል ብቻ፣ ሁለቱ አዲስ ቡድኖች እያንዳንዳቸው 5 ቢሊዮን ዶላር ከፈሉ እንበል። 10 ቢሊዮኑ ለ30 ሲካፈል 333 ሚሊዮን ነው። በዓመት 14 ሚሊዮን የሚያጣ ሰው የ23 ዓመት ኪሳራውን ቀድሞ ተቀበለ ማለት ነው። ማን ይጠላል?

ታዲያ ይህን ያህል የሚያዋጣ ከሆነ ከ20 ዓመት በላይ ምን አስጠበቃቸው? አንዱ መልስ፣ ዋጋው እየጨመረ ስለሄደ መጠበቁ ራሱ ማትረፊያ ነበር። ሁለተኛው መልስ ግን ወደ ኪራይ ቤታችን ይመልሰናል። ቡድን የሌላት፣ ነገር ግን ቡድን የምትፈልግ ሀብታም ከተማ በር ላይ መቆሟ በራሱ ዋጋ አለው።

ሲያትል ምን ደረሰባት?

ሲያትል ከ1967 ጀምሮ ሱፐርሶኒክስ የሚባል ቡድን ነበራት። በ1979 ሻምፒዮን ሆኗል። ኬቨን ዱራንት የመጀመሪያ ዓመቱን የተጫወተው እዚያ ነው። በ2006 የስታርባክሱ ሀዋርድ ሹልዝ ቡድኑን በ350 ሚሊዮን ዶላር ለኦክላሆማ ሲቲ ባለሀብቶች ሸጠው። አዲሶቹ ባለቤቶች ወደ 500 ሚሊዮን ዶላር የሚፈጅ አዲስ አዳራሽ በአብዛኛው በሕዝብ ገንዘብ እንዲሠራላቸው ጠየቁ። የክልሉ ምክር ቤት እሺ አላለም። የሲያትል ነዋሪዎችም በዚያው በ2006 ድምፅ ሰጥተው፣ ከተማዋ ተመጣጣኝ ትርፍ ካላገኘች በቀር ለፕሮፌሽናል ቡድን ገንዘብ እንዳትሰጥ የሚከለክል ሕግ በሰፊ ድምፅ አጸደቁ።

ቡድኑ በ2008 ጓዙን ጠቅልሎ ሄደ። የአዳራሹ የኪራይ ውል ገና ሁለት ዓመት ስለሚቀረው ባለቤቶቹ ለከተማዋ 45 ሚሊዮን ዶላር ከፍለው ወጡ። ስሙና ቀለሙ ግን ሲያትል ቀረ፤ ኦክላሆማ ሲቲ የደረሰው ቡድን «ተንደር» የሚል አዲስ ስም ወጣለት።

በ2013 ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ። የሲያትል ባለሀብቶች ሳክራሜንቶ ኪንግስን ገዝተው ወደ ከተማቸው ሊያመጡት ተዘጋጁ። የሳክራሜንቶ ከተማ አስተዳደር ደነገጠ፤ ተሯሩጦም ለአዲስ አዳራሽ ከሕዝብ ገንዘብ ከ250 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለማዋጣት ቃል ገባ። የሊጉ ባለቤቶች ድምፅ ሲሰጡ 22 ለ8 ሆኖ ቡድኑ እዚያው እንዲቆይ ተወሰነ። ሲያትል ባዶ እጇን ተመለሰች። ኪራዩን ያስጨመረው ግን እሷ በር ላይ መቆሟ ነው። ያ «ሌላ ሰው» ማለት እሷ ነበረች እኮ!

እምቢ ያለች ከተማ

ለኔ ትልቁ ቁም ነገር ያለው ቀጥሎ በሆነው ነው። ሲያትል ለቡድን ብላ ካዝናዋን አልከፈተችም። የማይክሮሶፍትና የአማዞን ዋና መሥሪያ ቤቶች ያሉት በዚያ አካባቢ ነው፤ በከተማዋና በዙሪያዋ ወደ 4 ሚሊዮን ሰው ይኖራል፤ ገቢውም ከፍተኛ ነው። በ2021 የድሮው አዳራሽ ጣሪያው ብቻ ቀርቶ ከሥሩ እንደ አዲስ ተሠራ። ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ የፈጀውን ወጪ የሸፈኑት የግል ባለሀብቶች ናቸው። ዛሬ የበረዶ ሆኪ ቡድኑም፣ አራት ጊዜ ሻምፒዮን የሆነው የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን ስቶርምም የሚጫወቱት እዚያ ነው።

እናም እምቢ ያለችው ከተማ ዛሬ ከሰልፉ ፊት ናት። ዋጋ አላስከፈላትም አልልም። በ2008 አሥር ዓመቱ የነበረ ልጅ ዛሬ ያለ ሶኒክስ አድጎ ጎልማሳ ሆኗል። ሲያትል ውስጥ፣ በተለይ በሬይነር ቫሊ አካባቢ፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ፤ እዚያ የተወለዱ ልጆቻቸው ሶኒክስን የሚያውቁት በቲሸርት ነው።

በሌላ በኩል ኦክላሆማ ሲቲ አለች። በመጀመሪያ አዳራሿን ለማደስ ነዋሪዎቿ የሽያጭ ታክስ ከፈሉ። በ2023 እንደገና ድምፅ ሰጥተው፣ ቢያንስ 900 ሚሊዮን ዶላር ለሚፈጅ አዲስ አዳራሽ ሌላ ታክስ አጸደቁ፤ የቡድኑ ድርሻ 50 ሚሊዮን ብቻ ነው። 71 በመቶው መራጭ «ይሁን» ብሏል። በ2025 ቡድኑ ሻምፒዮን ሲሆን ከተማዋ በደስታ ሰከረች። ያንን ደስታ በካልኩሌተር መለካት አይቻልም፣ እሱን አምናለሁ። ግን ድምፁን የሰጡት ሰዎች ቡድን ከእጅ እንዴት እንደሚወጣ ከማንም በላይ ያውቁታል፤ እነሱም ያገኙት እንደዚያ ነዋ።

የስፖርት ኢኮኖሚ አጥኚዎች በብዙ ጉዳይ ይጨቃጨቃሉ፤ በአንድ ነገር ግን አብዛኞቹ ይስማማሉ። በሕዝብ ገንዘብ የሚሠራ ስታዲየም ለከተማው ወጪውን የሚመልስ ዕድገት አያመጣም። ምክንያቱ ቀላል ነው። ቅዳሜ ማታ ለጨዋታ 200 ዶላር ያወጣ ቤተሰብ ያንኑ 200 ዶላር ሲኒማ ወይም ሬስቶራንት አያወጣውም። ገንዘቡ ሰፈር ቀየረ እንጂ አልበዛም።

ቬጋስስ?

ላስ ቬጋስ ለየት ትላለች። ነዋሪዋ ከነዙሪያዋ 2.3 ሚሊዮን ገደማ ነው፤ በዓመት የሚጎበኛት ሰው ግን ወደ 40 ሚሊዮን ይደርሳል። የኤንቢኤ የበጋ ውድድር ከ2004 ጀምሮ የሚካሄደው እዚያ ነው። የሴቶቹ ቡድን ኤሴስ በ2022፣ በ2023 እና በ2025 ዋንጫ ወስዷል። ቅርጫት ኳስ በቬጋስ አይሠራም የሚል ካለ መከራከሪያው ደካማ ነው።

የኔ ስጋት ሌላ ነው። ቬጋስ «እምቢ» ማለት አይሆንላትም። ለአሜሪካ ፉትቦል ቡድኑ ሬደርስ ስታዲየም 750 ሚሊዮን ዶላር የሕዝብ ገንዘብ ተመደበ። በ2023 ደግሞ ለቤዝቦል ስታዲየም እስከ 380 ሚሊዮን ተፈቀደ፤ የክልሉ የመምህራን ማኅበር «ትምህርት ቤት ይቅደም» ብሎ ቢቃወምም አልተሳካለትም። «የሬደርሱን ስታዲየም የከፈለው እኮ በሆቴል ክፍል ታክስ እንግዳው ነው» ይባላል። እሺ፤ ግን ከእንግዳው የተገኘው ታክስ ስታዲየም ላይ ሲውል ክፍል ውስጥ አይውልም። በቬጋስ ታክሲ የሚነዱ፣ ሆቴልና ካዚኖ የሚሠሩ ብዙ ወገኖቻችን አሉ። ልጆቻቸው የሚማሩት በነዚያ ትምህርት ቤቶች ነው።

ደግሞም መክፈል የግድ አይደለም። የሆኪ ቡድኑ የሚጫወትበት ቲ-ሞባይል አሬና በ2016 የተከፈተው በግል ገንዘብ ነው። ባለሀብት በራሱ ኪስ አዋጭቶ ይሠራል ማለት ነው፣ ሌላ ከፋይ ካጣ።

ሜክሲኮ ሲቲን ያነሳችሁ ካላችሁ

«22 ሚሊዮን ሰው የሚኖርበት ሜክሲኮ ሲቲ እያለ ቬጋስ ምን ታደርጋለች?» የሚል ጥያቄ አያለሁ። እውነት ነው፣ የኤንቢኤ ታዳጊ ሊግ ቡድን እዚያ አለ። ከፍታዋም 2,240 ሜትር ነው፤ አዲስ አበባን ልትጠጋ ምንም አልቀራት። እንግዳ ቡድን እስከ ሦስተኛው ሩብ ድረስ ትንፋሽ ያጥረው ነበር።

ችግሩ ያለው ገንዘቡ ላይ ነው። ቫንኩቨር በ1995 ቡድን አግኝታ ነበር። ትኬት የምትሸጠው በካናዳ ዶላር፣ ደመወዝ የምትከፍለው በአሜሪካ ዶላር። የካናዳ ዶላር ሲዳከም፣ ቡድኑም ሜዳ ላይ ሲሸነፍ፣ በስድስት ዓመት ውስጥ ወደ ሜምፊስ ተጓዘ። ከሐምሌ 2016 ወዲህ (በእኛ አቆጣጠር) ብር ሲንሸራተት ላየ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም፤ ገቢህ በብር፣ ዕዳህ በዶላር ከሆነ ሌሊት አትተኛም። በእርግጥ በዚያው ዓመት የገባችው ቶሮንቶ ያንኑ ገንዘብ ይዛ ተቋቁማ፣ በ2019 ዋንጫ በልታለች። ስለዚህ አይቻልም ማለት አይደለም። ትልቅ ገበያና ረጅም ትዕግሥት ይጠይቃል፤ የ23 ድምፅ ባለቤቶች ደግሞ በትዕግሥት አይታወቁም።

እኔ ብሆን

ድምፅ ቢኖረኝ ሲያትልን ያለ ማመንታት እመርጣለሁ። ገበያውም ደጋፊውም አዳራሹም አለ፤ ከሁሉም በላይ ግን የራሷን ዋጋ ታውቃለች። ሁለተኛውን ለቬጋስ እሰጣለሁ፣ በአንድ ሁኔታ፦ አዳራሹ ከሕዝብ ካዝና አንዲት ዶላር ካልወሰደ። ከወሰደ ወንበሩ ባዶ ይቆይ፤ ሜክሲኮ ሲቲም ጊዜዋን ትጠብቅ።

እኛም አዲስ አበባ ላለነው ትርፍ አለን። በምሥራቅ አሜሪካ ከምሽቱ 1 ሰዓት የሚጀመር ጨዋታ በክረምታቸው ለእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ሲያትልና ቬጋስ ከምሽቱ 1 ሰዓት ቢጀምሩ ግን ለእኛ ልክ ንጋት 12 ሰዓት ይሆናል። እንቅልፍ ሳይሰዋ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ በስልክ ማየት ይቻላል። ዳታ ካልጨረሰን።

ውሳኔው ሲታወጅ የቡድኑ ስምና ማሊያ ስልካችንን ያጥለቀልቀዋል። ያን ቀን ሦስት ነገር ፈልጉ፦ አዳራሹን ማን ከፈለ? የኪራይ ውሉ ስንት ዓመት ነው? ቡድኑ ከሄደስ ለከተማው ምን ይቀራል? ሲያትል ለሦስተኛው ጥያቄ በ2008 ያዘጋጀችው መልስ ነበራት። አዲሱ ቡድን ሲመጣ ሶኒክስ የሚለው ስምና አረንጓዴና ወርቃማ ቀለሙ እዚያው ከተማዋ ውስጥ ይጠብቁታል።